የተበላሸ ታብሌት፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ታብሌት ከቅንጦት ዕቃነት ወጥቶ የንግድ መሣሪያ ከሆነ ሰነባብቷል። መቀሌ ውስጥ የጅምላ ሱቅ ያለው ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን ይይዝበታል። የቤትና የቦታ ደላላው የሚያሻሽጠውን ቤት ፎቶግራፍና የካርታውን ቅጂ ለገዢ ያሳይበታል። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣው ደግሞ የዕለቱን ዋጋ በቴሌግራም ይከታተልበታል፤ ክፍያውንም በባንኩ መተግበሪያ ይልክበታል። ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ጠዋት አልበራ ሲል ወይም ከባንኮኒው ላይ ወድቆ መስታወቱ ሲሰነጠቅ የባለቤቱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ‹‹ላሠራው ወይስ ሌላ ልግዛ?››

ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የሚመለሰው ግን በአብዛኛው በስሜት ነው። አንዱ ‹‹ይህን ያህል ብር ያወጣሁበትን ዕቃ እንዴት እጥለዋለሁ›› እያለ ለጠጋኝ ሲከፍል ይኖራል። ሌላው ‹‹አንዴ የተከፈተ ዕቃ ዕቃ አይሆንም›› ብሎ ለሥራ ማስኬጃ ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ይገዛል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ፣ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ማን እንደተሳሳተ የሚታወቀው በሒሳብ ነው። ይህ ሒሳብ ደግሞ ለታብሌት ብቻ ሳይሆን ለወፍጮ ሞተርም ሆነ ለአይሱዙ የጭነት መኪና ያው ነው። በታብሌት መማር ርካሽ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር።

የገበያው ደንብና ጉድለቱ

በገበያ የተለመደ አንድ ደንብ አለ። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካላለፈ አሠራው፣ ካለፈ ተወው ይላል። ደንቡ ለመያዝ ይመቻል። ጉድለቱ ግን ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ማወዳደሩ ነው። አዲስ ታብሌት የገዛ ሰው የገዛው ምናልባት የ3 ዓመት አገልግሎት ነው። ያሠራ ሰው ያገኘው ግን የአንድ ዓመት፣ አንዳንዴም የ6 ወር አገልግሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋና የሩብ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ጎን ለጎን አይቶ ‹‹ሩቡ ረከሰ›› የሚል ነጋዴ የለም፤ ሁለቱንም ወደ ኪሎ አምጥቶ ነው የሚያወዳድረው። የታብሌት ኪሎው ወር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ‹‹ጥገናው ስንት ብር ነው›› ብቻ ሳይሆን ‹‹አንድ የአገልግሎት ወር በስንት ብር ይመጣልኛል›› የሚለው ነው።

ወደ ቁጥሩ ከመግባታችን በፊት ከሒሳቡ የሚወጣውን ማውጣት ያስፈልጋል። እሱም ታብሌቱ መጀመሪያ የተገዛበት ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዲህ ዓይነቱን ወጪ የሰመጠ ወጪ ይሉታል፤ ቢያሠሩትም ቢጥሉትም አይመለስምና። በአገራችን ደግሞ ይህ አሮጌ ዋጋ ከመስመጡም በላይ ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሸጫ 76 ብር ገደማ ደረሰ፤ 2017 ዓ.ም. ሳያልቅም ከ130 ብር አለፈ። በእርግጥ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቀድሞም በትይዩ ገበያው ዶላር ይተመን ስለነበር የሱቅ ዋጋ በባንኩ ምንዛሪ ልክ ዘለለ ማለት አይቻልም። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ታብሌት የገዛ ሰው የያኔውን ዋጋ መለኪያ አድርጎ የዛሬውን ጥገና ‹‹ተወደደ›› ቢል ሁለት የተለያዩ ብሮችን እያወዳደረ ነው።

ወደ ሒሳቡ መግባት ያለበት ሌላ ዋጋ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። የተበላሸው ታብሌት ዛሬ እንዳለ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ነው። መቀሌ ላይ ይህ ዋጋ ዜሮ አይደለም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ባንክ፣ ስልክና ኢንተርኔት የተቋረጠባት፣ መንገዷም የተዘጋባት ከተማ ናት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ እስኪመለስ ድረስ ‹‹ሌላ ልግዛ›› የሚባለው ምርጫ ለአብዛኛው ሰው በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። መለዋወጫ በማይገባበት ከተማ የመለዋወጫ ምንጩ የሞተ መሣሪያ ነው። የአንዱ ስክሪን ለሌላው፣ የአንዱ ቻርጅ መሰኪያ ለሦስተኛው ይሄዳል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ከአዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቁ ስላልቀረ የሞተ መሣሪያ ዋጋ አለው። ያንን ዋጋ ትቶ የሚያሠራ ሰው ለጥገናው የከፈለው የጠጋኙን ሒሳብ ብቻ አይደለም።

የአንድ ወር ዋጋ

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ይተካቸው። አዲስ ታብሌት 24 ሺህ ብር ነው እንበል። 3 ዓመት ያገለግላል፤ በመጨረሻው 3 ሺህ ብር ይሸጣል። የተበላሸው ስክሪን ቢለወጥ 7 ሺህ 500 ብር ያስወጣል፤ ከዚያ በኋላ ታብሌቱ አንድ ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይገመታል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋው 500 ብር ይሆናል። ሳይጠገን እንዳለ ዛሬ ቢሸጥ 2 ሺህ ብር ያወጣል።

በገበያው ደንብ ጉዳዩ ወዲያው ያልቃል። 7 ሺህ 500 ብር ከ24 ሺህ ብር ሢሶ እንኳ አይሞላምና ‹‹አሠራው›› ይባላል። በወር ሲተመን ግን እንዲህ ይመጣል። አዲሱ 24 ሺህ ሲቀነስ 3 ሺህ፣ 21 ሺህ ብር ለ36 ወር ሲካፈል በወር 583 ብር ነው። ጥገናው 7 ሺህ 500 ሲደመር 2 ሺህ፣ ሲቀነስ 500፣ 9 ሺህ ብር ለ12 ወር ሲካፈል በወር 750 ብር ነው። ርካሽ የመሰለው ጥገና በወር 167 ብር ይወደዳል።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ‹‹ሁልጊዜ ግዙ›› ብለን እናቆም ነበር። ግን አላለቀም። 24 ሺህ ብሩ በአንድ ቀን የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። መቀሌ ውስጥ የመጋዘን ዕቃቸውን በጦርነቱ አጥተው በትንሽ ካፒታል እንደገና ለጀመሩ ነጋዴዎች ይህ የመጽሐፍ ትምህርት አይደለም። 24 ሺህ ብር ማለት ከሱቁ የሚጎድል ዘይትና ስኳር ነው።

የገንዘቡ ዋጋ በወር 1 በመቶ ቢሆን፣ ማለትም ገንዘቡ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ከዚህ የበለጠ የማያስገኝ ቢሆን፣ ወለዱን ከቆጠርን በኋላ የአዲሱ ወርሃዊ ዋጋ 727 ብር፣ የጥገናው 805 ብር ይሆናል። መግዛቱ አሁንም ይረክሳል። የገንዘቡ ዋጋ በወር 3 በመቶ ከሆነ ግን አዲሱ 1 ሺህ 52 ብር፣ ጥገናው 919 ብር ይመጣል። ሚዛኑ ተገለበጠ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ገንዘቡ በወር 1.8 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ከ21 እስከ 22 በመቶ በሚያስገኝበት ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ምሳሌ አንድ ዓይነት ታብሌት በአንድ ዓይነት ጉዳት ለተጎዳባቸው ሁለት ሰዎች ትክክለኛው መልስ ሁለት ነው። ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ ቁጠባ የሚቆጥር ሰው አዲስ ይግዛ። ዘይትና ስኳር በየሁለት ሳምንቱ የሚያዞር፣ በአንድ ዙር 2 እና 3 በመቶ የሚያተርፍ ባለ ሱቅ ያሠራ። ይህ በተለምዶ ከሚነገረው ጋር ይጋጫል። በተለምዶ ‹‹ነጋዴ ነኝና መሣሪያዬ አዲስ መሆን አለበት›› ይባላል። ገንዘቡ ፈጥኖ የሚዞርለት ነጋዴ ግን ገንዘቡን በመሣሪያ ላይ ሲያስር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው።

‹‹ዘንድሮ ካልገዛሁ በሚቀጥለው ዓመት ይወደዳል›› የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። የእኛ ምሳሌ 24 ሺህ ብሩ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር 4 ሺህ 800 ብር ልዩነት ያመጣል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይም ጥያቄው ገንዘቡ የት ተቀመጠ የሚለው ነው። በጥሬ ብር ከተቀመጠ ክርክሩ ልክ ነው። በመጋዘን ባለ ዕቃ ከተቀመጠ ግን ታብሌቱ ሲወደድ ዕቃውም ይወደዳልና ነጋዴው ከዋጋ ንረቱ በከፊል ተጠብቋል።

አንድ ጠጋኝ፣ አምስት ደንበኛ

በምሳሌያችን ጥገናው ይሳካል ብለን ነበር። ሁሉም አይሳካም። ከአምስት ደንበኛ የአንዱ በሳምንቱ ቢበላሽስ? አምስቱ ሰዎች በነፍስ ወከፍ 9 ሺህ፣ በድምሩ 45 ሺህ ብር አውጥተው ያገኙት የ60 ወር ሳይሆን የ48 ወር አገልግሎት ነው። የአንዱ ወር ዋጋ ከ750 ወደ 938 ብር ከፍ ይላል። ደንበኛው አስቀድሞ ከአምስቱ የትኛው እንደሚሆን ስለማያውቅ ለእሱ የሚመለከተው ዋጋ ይኸኛው ነው።

የጠጋኝ ዋስትና ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። ካልሠራ የጥገናውን ገንዘብ የሚመልስ ጠጋኝ ከማይመልሰው ምን ያህል ቢያስከፍል ያዋጣል? በዚህ ምሳሌ እስከ 9 ሺህ 375 ብር። በ7 ሺህ 500 ያለ ዋስትና ማሠራትና በ9 ሺህ 375 ከዋስትና ጋር ማሠራት ለደንበኛው በአማካይ አንድ ናቸው። ሁለት ሱቅ ዞሮ ርካሹን የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ያነፃፀረው የተለያየ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ዋስትናው ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የእጅ ዋጋን ብቻ ወይስ መለዋወጫውንም እንደሚጨምር ይጠይቁ። መልሱንም በደረሰኝ ላይ ያስጽፉ። የሚገጠመው ስክሪን ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ከሌላ ታብሌት የተፈታ መሆኑም በዚያው ይጻፍ። ከሌላ የተፈታ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ አንዱን ሌላ ብሎ መሸጡ ነው።

በተጨማሪ የጊዜ ጉዳይ አለ። መለዋወጫው መቀሌ ከሌለ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ቀናት ይወስዳል። ደላላ ለእነዚያ ቀናት በስልኩ መሥራት ከቻለ ኪሳራው ትንሽ ነው። አንድ ኮሚሽን ካመለጠው ግን የጥገናው ዋጋ ከነሙሉ ሒሳቡ ይለወጣል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በእርግጥ የቀረው ገቢ እንጂ የተበሳጩበት ቀን አይደለም።

ምኑ ነው የተበላሸው?

ሒሳቡ የሚሠራው ጥገናው ስንት ወር እንደሚሰጥ ከታወቀ ነው። ይህ ደግሞ በተበላሸው ክፍል ይለያያል።

አልበራ ያለ ታብሌት ሁሉ የሞተ አይደለም። ጠጋኝ ቤት ከመሄድዎ በፊት ገመዱንም ቻርጀሩንም በሌላ ይሞክሩ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰክተው ይተዉት፤ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘው ይቆዩ። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበትና በሚዋዥቅበት ቦታ መጀመሪያ የሚጎዳው ቻርጀሩ ነው፤ ቀጥሎ መሰኪያው። መሰኪያ በአብዛኛው ርካሽ ጥገና ነው። በውስጡ የተጠቀጠቀ አቧራ ብቻ ሊሆንም ይችላል። መሰኪያው ተለውጦ የተቀረው ክፍል ጤነኛ ከሆነ ታብሌቱ የቀረውን ዕድሜ በሙሉ ያገለግላልና እንዲህ ዓይነቱን ጥገና መከራከር አያስፈልግም።

ባትሪም እንደዚሁ ነው፤ ባትሪ ከመጀመሪያውም የሚያልቅ ክፍል ነውና። የተለመደው የሊቲየም ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጀርባው ወይም ስክሪኑ ከፍ ብሎ የተነሣ ታብሌት ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያንን ወዲያው ከቻርጅ መንቀል፣ አለመጫን፣ አለመውጋት ያስፈልጋል፤ እሳት ያስነሳል። ይህ ወደ ነገ የሚቀጠር ጥገና አይደለም።

ስክሪን ላይ ጠጋኙን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። የላዩ መስታወትና ምስል የሚሰጠው ክፍል አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው ወይስ የተለያዩ? የተለያዩ ከሆኑና ምስሉ ጤነኛ ከሆነ መስታወቱ ብቻ ይለወጣል፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል። ለምሳሌ በአፕል ታብሌቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አይፓድ ኤር 2 ጀምሮ የኤርና የፕሮ ሞዴሎች የተጣበቁ ናቸው፤ ተራው አይፓድ ግን እስከ 10ኛው ትውልድ ድረስ የተለያየ ነው። ስለዚህ ርካሹ አይፓድ ሲወድቅም ርካሽ ነው። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ለመስታወት ስንጥቅ የሙሉ ስክሪን ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል።

ቦርድ ከሆነ፣ በተለይም ውኃ የገባበት ከሆነ፣ ነገሩ ይለያል። ብየዳው ዛሬ ቢሳካም ዝገቱ ሥራውን አያቆምም። በሒሳባችን ውስጥ 12 ወር ብሎ መገመት ድፍረት ነው፤ 3 ወር ብሎ ያስላ። በ3 ወር ሲካፈል ለቦርድ የሚከፈል ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የማይታየው ጉዳት የሶፍትዌር እርጅና ነው። ታብሌቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ ባትሪው ይይዛል፤ ሥራ ግን አይሠራም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአንድሮይድ 4.4 መሥራቱን አቁሟል። የባንክ መተግበሪያዎችም ለደህንነት ሲባል አሮጌ አንድሮይድ መቀበል የሚያቆሙበት ጊዜ ይመጣል። ጠጋኝ ‹‹ፍላሽ አደርገዋለሁ›› ሲል ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ያንኑ አሮጌውን አንድሮይድ ነው። እንዲህ ያለ ታብሌት ስክሪኑ ቢሰበር ያንን ስክሪን መለወጥ ፈቃዱ ሊያልቅ ለቀረበ ሱቅ ቀለም እንደመቀባት ነው። በቅንብሩ ውስጥ የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የደረሰበትን ቀን ማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

መዝገቡ ሌላ ሒሳብ ነው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ታብሌቱ ነው። በውስጡ ስላለው ግን ሌላ ሒሳብ ያስፈልጋል። የ300 ሺህ ብር ዱቤ መዝገብ የያዘ ታብሌት ሲሞት ነጋዴው ያጣው የ24 ሺህ ብር ዕቃ አይደለም። ደንበኞቹ ታማኝ ቢሆኑ እንኳ ማን ስንት እንደወሰደ ሁለቱም በአፍ ሲያስታውሱ ቁጥሩ አይገጥምም።

ብዙ ሰው ‹‹ሚሞሪውን አውጥቶ በሌላ ማንበብ ነው›› ብሎ ያስባል። የተለየ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተቀመጠ ፋይል ከሆነ፣ ካርዱም ካልተቆለፈ፣ ልክ ነው። በአዳዲሶቹ ታብሌቶች ቦርድ ላይ የተበየደው ማከማቻ ግን የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉ ከራሱ ፕሮሰሰር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማከማቻው ተነቅሎ ሌላ ላይ ቢበየድ የሚነበብ ነገር አይገኝም። መረጃውን ለማውጣት ያለው መንገድ ያንኑ ቦርድ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሆን ማስነሳት ነው።

ይህ ማለት በወር ሒሳብ ፈጽሞ የማያዋጣ የቦርድ ጥገና ለመዝገቡ ሲባል ሊያዋጣ ይችላል። 5 ሺህ ብር ከፍሎ ታብሌቱን ለአንድ ከሰዓት በኋላ አስነሥቶ፣ መዝገቡን ወደ ሌላ ገልብጦ፣ ታብሌቱን ለመለዋወጫ መሸጥ የሚያሳፍር ውሳኔ አይደለም። የሚያሳስተው ሁለቱን ሒሳብ መቀላቀል ነው፤ መዝገቡን ለማዳን የተከፈለውን ገንዘብ አይቶ ‹‹ይህን ያህል ከከፈልኩ አይቀር›› ብሎ ባትሪና ስክሪን መጨመር። ለጠጋኙም አስቀድሞ መንገር ይገባል። መዝገቡ እንደሚፈለግ ካልተነገረው ለማስነሳት ሲል ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ቅጂውን በየሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚገለብጥ ነጋዴ ይህን ክፍል በሙሉ ሊዘለው ይችላል፤ እሱ የሚያሰላው የታብሌቱን ዋጋ ብቻ ነው።

ካርቶን ውስጥ ያረጀ አዲስ

‹‹ይለወጥ›› ተብሎ ከተወሰነ በኋላ የሚገዛው ነገር በእርግጥ አዲስ መሆኑ መታየት አለበት። አገራችን በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ምሳሌ አላት። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ያህል ታብሌት አዘጋጅቶ ነበር። በወረቀት ይሠራ የነበረውን ቆጠራ በዲጂታል ለመሥራት የታሰበ ነበር። ቆጠራው በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ፤ ከዚያም በኋላ ሳይካሄድ ቀረ። የፖለቲካውን ነገር ለሌላ ገጽ እንተወውና ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ የቆጠራው ቀን ሲራዘም የታብሌቶቹ ዕድሜ አልተራዘመም። የሊቲየም ባትሪ በሳጥን ውስጥም ያረጃል፤ ባዶ ሆኖ ለዓመታት ከተቀመጠ ጭራሽ አልሞላም ሊል ይችላል። አንድሮይዱም ፋብሪካ በወጣበት ቁጥር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የአገልግሎት ዕድሜ መቆጠር የሚጀምረው ካርቶኑ ከተከፈተበት ሳይሆን ዕቃው ከተመረተበት ቀን ነው።

መቀሌ ላይ ይህ በተለይ መታየት አለበት። ሱቆች በተዘጉባቸውና ገበያ በቆመባቸው ዓመታት መደርደሪያ ላይ የቀረ ‹‹ያልተከፈተ›› ዕቃ ካለ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ አሮጌ ነው። ካርቶኑ ላይ የምርት ቀን ይፈለግ፤ ከሌለ የሞዴሉ ስም መቼ እንደወጣ በኢንተርኔት ይታይ። ከላይ በሠራነው ሒሳብ 36 ወር ብለን የያዝነው ወደ 20 ወር ከወረደ የ‹‹አዲሱ›› ወርሃዊ ዋጋ ወለድ ሳይቆጠር ከ583 ወደ 1 ሺህ 50 ብር ይወጣል፤ ያኔ ጥገናው በሰፊው ይረክሳል።

ያገለገለ ታብሌት መግዛትም ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ሒሳቡም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መታየት አለበት። ሻጩ ፊት ለፊት ታብሌቱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሶ፣ እንደገና ሲበራ የቀድሞ ባለቤቱን የጉግል ወይም የአፕል አካውንት የይለፍ ቃል የማይጠይቅ መሆኑን ያሳይ። ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ዕቃው የማን እንደነበር አይታወቅም፤ ቢገዛም አይሠራም።

አዲስ የሚገዛ ሰው የዛሬውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ጥገናም አብሮ ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ ስልኮችና ታብሌቶች ባወጣው ደንብ አምራቾች ሽያጭ ካቆሙ በኋላም ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲሰጡ፣ ባትሪውም 800 ጊዜ ተሞልቶ ከአቅሙ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ አስገድዷል። ደንቡ መቀሌ ላይ አይሠራም፤ አምራቹ ግን ለአውሮፓ የሚሸጠውንና ለእኛ የሚደርሰውን ሞዴል በአንድ ፋብሪካ ሊያመርት ይችላል። አውሮፓም የሚሸጥ ሞዴል የመረጠ ሰው ከ4 ዓመት በኋላ ስክሪን የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ከተማው ውስጥ በብዛት የሚታይ ሞዴል መምረጥም እንደዚሁ ይጠቅማል፤ የሞተው ሲበዛ መለዋወጫውም ይበዛልና። ማንም የማይዘው ብርቅ ሞዴል ሲሰበር ብርቅነቱ በጠጋኙ ሒሳብ ላይ ይታያል።

የቀረው አሮጌው ታብሌት ነው። ለመለዋወጫ ከመሸጡ በፊት የሚበራ ከሆነ አካውንቱ ይውጣ፣ ውስጡም ይጥፋ። የማይበራ ከሆነ በሌላ ስልክ ወደ አካውንቱ ተገብቶ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ይሰረዝ፤ የባንኩ መተግበሪያም በእሱ ላይ እንዳይሠራ ለባንኩ ይነገር። አካውንቱ የተቆለፈበት ታብሌት ለገዢው የሚሰጠው ስክሪኑንና ባትሪውን ብቻ ነው፤ ቦርዱ አይቆጠርለትም። በምሳሌያችን ላይ ያስቀመጥነው 2 ሺህ ብርም በዚያው ልክ ይቀንሳል።